የአያት ካባ፣ የአርበኛ ካኪ፣ የመቅደስ መጋረጃ፦ ስለ ድሮ ልብስ የጠየቃችሁን

ባለፈው እትም “ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የድሮ ልብስ ካለ ጻፉልን፣ ጥያቄ ካላችሁም ጠይቁን” ብለን ነበር። ደብዳቤው ብዙ ነው፣ ሁሉንም ማንሳት ስላልቻልን ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንበል፣ ከመጡት ጥያቄዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት “በምን ልጠበው?” ነው የሚሉት። መልሳችን ለአብዛኛው “አትጠቡት” ነው፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ ከታች በሰፊው አለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። የአያቴ ካባ እኔ ጋ ነው ያለው፣ ጥቁር ከፋይ ሆኖ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ፣ አያቴ ጣልያን ከመግባቱ በፊት ያገባችበት። ልጄ በሚመጣው ክረምት ታገባለችና ለመልሱ እንድትለብሰው አስቤ ነበር ግን ወርቁ ጠቁሯል፣ ውስጡ ያለው የሐር ገበር እጥፋቱ ላይ ተሰነጣጥቋል፣ የናፍታሊን ሽታም አልለቅ ብሎታል። ድራይ ክሊን ልስጠው ወይስ ቤት ውስጥ በእጄ ልጠበው? ወርቁንስ በምን ላጽዳው?

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃዎ፣ ትዳሩን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልዎ። ካባውን ግን እባክዎን ድራይ ክሊን አይስጡት፣ ውኃም አያስነኩት።

ምክንያቱን ላስረዳ። ወርቀ ዘቦ የምንለው ክር ሙሉ ወርቅ አደለም። መሃሉ የሐር ወይ የጥጥ ክር ነው፣ እሱ ላይ በጣም የሳሳ የብረት ጥብጣብ ተጠምጥሞበታል፣ ብረቱም ብዙ ጊዜ ወርቅ የተቀባ ብር ወይም መዳብ ነው። አሁን ጠቆረ ያሉት ወርቁ ሳይሆን ከስሩ ያለው ብር አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተገናኝቶ ነው። በሎሚ፣ በቤኪንግ ሶዳ፣ ወይ ለብር ማንኪያ በሚሸጠው ማጽጃ ቢያሹት ለጊዜው ያበራል፣ ግን አብሮ የሚሄደው ያቺ ስስ የወርቅ ቅብ ናት፣ አንዴ ከተነሳች አትመለስም፣ ፈሳሹ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ መሃል ያለውን ክር ያበሰብሰዋል። ስለዚ ጥቁረቱን ይተዉት። ዕድሜው ነው፣ አያሳፍርም።

ገበሩ የተሰነጠቀበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሐር ከትሉ ድር ሲወጣ ሙጫ አለው፣ ሙጫው ተቀቅሎ ሲለቅ ክብደቱ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ሐር በሚዛን ይሸጥ ስለነበር በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ አውሮፓ የነበሩ ፋብሪካዎች የጎደለውን ክብደት በቆርቆሮና በሌሎች ብረቶች ጨው እያጠጡ ይሞሉት ነበር። ጨርቁ ሲነካ ኮሽ ኮሽ ይላል፣ ከበድ ይላል፣ ገዢም ይወደዋል፣ ግን ያው ጨው ክሩን ከውስጥ እየበላ ቆይቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ልክ እርስዎ እንዳሉት እጥፋቱን ይዞ ይሰነጠቃል። በዛ ዘመን የመጡ የብዙ ካባዎች ገበር እንደዚህ የሆነው ለዚህ ነው፣ ያበላሸው የቤተሰቡ አያያዝ ብቻ አደለም። ይሄ መድኃኒት የለውም። ባለሙያ የሚያደርገው ከስሩ ወይ ከላዩ በጣም ስስ የሆነ የሐር መረብ ደግፎ እንዳይረግፍ መያዝ ነው። የድራይ ክሊኒንግ ማሽን ውስጥ ገብቶ ከተሽከረከረ ግን ዱቄት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ከፋዩም ጸጉሩ ይጋደማል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? አቧራውን በቫኪዩም ክሊነር ማንሳት ይችላሉ፣ ግን አፉ ላይ የወንፊት ጨርቅ አስረው፣ ኃይሉን የመጨረሻ ዝቅተኛው ላይ አድርገው፣ ሳይነኩት ከፍ አድርገው ይያዙት፣ ጥልፉ ላይ የተነቃነቀ ክር ካለ እዛ ቦታ ጋ አይድረሱ። የናፍታሊኑን ሽታ ፀሐይ በማይነካው ነፋስ ባለበት ክፍል ዘርግቶ መተው ነው፣ ቀስ ብሎ ይለቃል (ናፍታሊን ለሰውም ጤና ጥሩ አደለም፣ ሳጥኑ ውስጥ የቀረ ካለ አውጥተው ይጣሉት)። ከዛ አሲድ ፍሪ ቲሹ የሚባለውን ነጭ ስስ ወረቀት እየጠቀለሉ እጥፋቱ ውስጥ ሁሉ ያስገቡ፣ ትከሻው ላይም ይሙሉት፣ ሹል እጥፋት እንዳይኖር። ወረቀቱ ካልተገኘ ብዙ ጊዜ የታጠበና አመዱና ሳሙናው በደንብ የለቀቀ ነጭ አቡጀዲ ይሠራል። መስቀያ ላይ በፍጹም አይስቀሉት፣ የጥልፉ ክብደት ትከሻውን ይቀደዋል። ቤዝመንትም አያስቀምጡት፣ እናንተ ጋ በበጋ እርጥበቱ ከባድ ነው።

የመልሱን ነገር በተመለከተ እኔ በግሌ አላስለብሳትም ነበር። ላብ፣ ሽቶ፣ ሜካፕ፣ ጭፈራ፣ ቁጭ ብድግ፣ ያ ገበር አንድ ምሽት አይችልም። ይልቅ ካባውን ከፊትም ከኋላም ከቅርብም በደንብ ፎቶ አንስተው ሽሮ ሜዳ ላሉ ጥልፍ ሠሪዎች ይላኩ፣ የአያትዎን ጥልፍ ዓይተው ለልጅዎ አዲስ ይሠሩላታል፣ ዋናውን ደግሞ ለዛች ምሽት ብቻ ከመብራት ራቅ አድርገው ለእንግዳ ያሳዩት። ገበሩን የሚደግፍ ባለሙያ ለማግኘት የአሜሪካን ኢንስቲትዩት ፎር ኮንሰርቬሽን ድረገጽ ላይ በየአካባቢው ያሉ የጨርቅ ጥገና ባለሙያዎች መፈለጊያ አለ፣ ከዛ ይጀምሩ። አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያድርጉት፦ ካባውን ማን ሰጣት፣ የት አገባች፣ ማን ጠለፈው፣ የሚያውቁትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ሳጥኑ ውስጥ ያኑሩ። ታሪኩ የጠፋበት ካባ ለልጅ ልጅዎ ያረጀ ልብስ ብቻ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄደ ትልቅ የሐር መጋረጃ አለ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ “እነሱ ባይወስዱት ኖሮ እዚህ በስብሶ ነበር” አለኝ፣ መልስ አጣሁለት።

መልስ፦ ወንድሜ እውነት ነው፣ ያውም ያንተው ከተማ ሥራ ነው። መጋረጃው በአስራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የተሠራ ነው፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል፣ ጎን ለጎን የተሰፉ ሦስት ክፍሎች አሉት፣ ሐሩ ከቻይና የመጣ ነው። እጅን በአፍ የሚያስጭነው ግን አሠራሩ ነው። ሸማኔዎቻችን በሚቀመጡበት የጉድጓድ ዕቃ የተሠራ አደለም፤ አራት ማዕዘን ሆነው ጥጋጥጋቸው የተበሳ ትናንሽ ገበታዎች አሉ፣ በየቀዳዳው ድር ያልፋል፣ ገበታዎቹ አንድ ላይ ሲዞሩ ድሩ ይጠማዘዛል፣ በመሃሉ ማግ ያልፋል። በዚህ መንገድ በየአገሩ ቀበቶና ጠርዝ ይሠራል፣ ስፋቱ የጣት ያህል የሆነ ነገር ማለት ነው። የጎንደሩ ባለሙያ ግን ከ300 በላይ ገበታ በአንድ ጊዜ እያዞረ ነው ነገሥታት፣ ካህናት፣ ጋሻና ጠመንጃ የያዘ ወታደር ያለበት ግድግዳ የሚያክል ጨርቅ ያወጣው። በዓለም ላይ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ትልቁ ነው ይባላል። ምስሉን ያጠኑ ሰዎች ከአፄ በካፋና ከእቴጌ ምንትዋብ ቤት ጋር ያያይዙታል፣ መቅደሱን ከሕዝቡ የሚለይ መጋረጃ ነበርም ይላሉ። ካናዳ ቶሮንቶ ያለው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየምም የዚሁ ወገን የሆነ ሥራ አለው።

እንዴት ሄደ ላልከው፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ወስደው መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት መድኃኔዓለም አከማቹ። ይሄን መደበቅ አያስፈልግም፣ የመጀመሪያው ዘረፋ በራሳችን እጅ ነው። ከዛ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ያገኙትን ሁሉ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ሸጡት። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ራሱ አብሮ ነበር፣ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል፣ ለሙዚየሙ እየመረጠ የገዛው እሱ ነው።

ከመጋረጃው በላይ እኔን የሚያመኝ ግን ሌላ ለንደን ያለ ልብስ ነው። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ውስጥ የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ አለ፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት። አንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ጥሩነሽ ተብለው ይጠራሉ። ነጭ የጥጥ ቀሚስ ነው፣ ደረቱና እጅጌው በሐር የተጠለፈ። ባለቤታቸው አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ ከአንድ ወር ያህል በኋላ እሳቸውም ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመንገድ ላይ እያሉ አረፉ፣ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ተቀበሩ፣ ልጁ በሰባት ዓመቱ ለብቻው ተሻገረ፣ በ18 ዓመቱም እዛው ሞተ። የሴትየዋ ቀሚስ በዓመቱ የሙዚየም ዕቃ ሆኖ ተመዘገበ። ሙዚየሙ በ2010 ዓ.ም. ስለ መቅደላ ባሳየው ዝግጅት ላይ ቀርቦ ነበር፣ ያኔ ኃላፊው “በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን” አሉ። ለባለቤቱ ንብረቱን ማዋስ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የለንደን ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ጸጉር መልሷል፣ ስለዚ ሲፈልጉ መንገዱ አለ።

አሁን ወደ ጓደኛህ። መጋረጃው ለንደን ከመግባቱ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር፣ የአቧራው የእጣኑ የጦርነቱ ዘመን ሁሉ አልፎበት ነው ደህና ሆኖ የተገኘው። ደጋችን ቀዝቃዛና ከፊል ደረቅ ነው፣ ለጨርቅ የከፋ አየር አደለም። ጣና ላይ ያሉ ገዳማት የነገሥታት ልብስና ዘውድ ለዘመናት ጠብቀው እስከዛሬ አሉ። “እዚህ ቢሆን በስብሶ ነበር” የሚለው እንግዲህ ታሪኩ ራሱ አይደግፈውም። ግን ለጓደኛህ ግማሽ እውነት ልስጠው፦ ዛሬ በየዕቃ ቤቱ እየተበላ ያለው ልብስ ብዙ ነው፣ የጨርቅ ጥገና የተማረ ሰው አገራችን ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ይመለስልን ማለት መብታችን ነው፣ ሲመለስ የሚያርፍበትን ጨለማ ክፍልና የሚይዘውን የሠለጠነ እጅ ከአሁኑ ማዘጋጀት ደግሞ የኛ ሥራ ነው፣ ሁለቱ አይጣሉም። አንተም ታሪክ ወይ ኬሚስትሪ የምትማር ከሆነ ይሄን ሙያ አስብበት።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ፣ ከጎጃም። በደብራችን ዕቃ ቤት ከድሮ ነገሥታት የተሰጡ የሐር ካባዎችና ላንቃዎች (ከላይ የሚደረቡ የክብር ልብሶች) አሉ፣ የአንበሳ ጎፈርም አለ። ብል እየበላቸው ነው። እጣን እናጥናለን ግን አልተወም፣ አንዳንዶች የተባይ መድኃኒት እንርጭ ይላሉ።

መልስ፦ ዲያቆን፣ መድኃኒቱን እባካችሁ አትርጩ፣ ሐሩን ያቃጥላል፣ ቀለሙን ይለውጣል፣ ልብሱን ለብሶ የሚቀድሰው ካህን ቆዳም ላይ ይቀራል። እጣኑ ብሉን አይገድልም፣ ጥላሸቱ ግን ጨርቁ ላይ ይቀመጣል፣ ስለዚ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ባይታጠን ይሻላል።

የሚበላው የሚበረው የእሳት ራት የምትመስለው አደለችም፣ እሷ የምትጥለው ዕንቁላል ውስጥ የሚፈለፈለው ትል ነው። ሱፍ፣ ሐር፣ ጸጉር፣ ቆዳ ይወዳል፣ ጨለማ ያልተነካካ ቦታ ይወዳል። ንጹሕ ጥጥ ብዙ አይነካም። ስለዚ ትልቁ ጠላቱ መነካካት ነው፣ ሳጥኑን በየሁለት ሦስት ወሩ ከፍቶ ማየት፣ ማውጣት፣ ወለሉንና የሳጥኑን ስንጥቅ መጥረግ፣ ጥራጊውን ከግቢ ውጪ መጣል። ሳጥኑን ከመሬት በድንጋይ ወይ በእንጨት ከፍ አድርጋችሁ ከግድግዳው አርቁት፣ እርጥበት ከዛ ነው የሚመጣው። ጎፈሩን ከሐሩ ለዩት፣ ብዙ ጊዜ ተባዩ ከሱ ጀምሮ ነው ወደ ልብሱ የሚሻገር።

ቀድሞ የገባውን ለመግደል ቅዝቃዜ ነው የሚሻለው። ልብሱን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አየር እንዳያስገባ አሽጎ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዛ በላይ በሚያቀዘቅዝ ዲፕ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ማቆየት። ሲወጣ ላስቲኩ ሳይፈታ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፣ አለበለዚያ ወዙ ጨርቁ ላይ ያርፋል። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆነ ይሄ አይሠራም፣ ቀልጦ ተመልሶ መቀዝቀዝ ትሉን ያለማምደዋል እንጂ አይገድለውም። ቀለም የተቀባበት ወይ ዶቃና መስታወት ያለበትን ልብስ ግን ባለሙያ ሳያይ ፍሪዘር አታስገቡ። ለሰበካ ጉባኤው አቅርባችሁ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ ጻፉ፣ እያንዳንዱ ልብስ በፎቶ ተመዝግቦ ቢቀመጥ ለሌባም መከላከያ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው፣ የእናቴን የሐበሻ ቀሚስ በረኪና ነካ አድርጌ አጠብኩት፣ ነጭ ነበር፣ ቢጫ ሆነ። የድራይ ክሊን ላስቲክ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

መልስ፦ እህቴ፣ የሆነው ሆኗል፣ ደግመሽ በረኪና እንዳትጨምሪ ብቻ። በረኪና የጥጥን ክር ያደክማል፣ ሐርንና ሱፍን ደግሞ ጭራሽ ያሟሟል፣ የጥለቱ ክር ሐር ከሆነ ከዚህ በላይ አይችልም። በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግመሽ ዘፍዝፈሽ የቀረውን ኬሚካል አስወጪ፣ ግን መጀመሪያ የጥለቱ ቀለም እንደማይለቅ እርጥብ ነጭ ጥጥ ነካ አድርገሽ እዪ። ሳትጨምቂ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጥላ ውስጥ አድርቂው። ላስቲኩን ጣዪው፣ ላስቲክ ራሱ ሲያረጅ የሚያወጣው ነገር ጨርቅ ያቢጫል። የትራስ ልብስ የመሰለ የጥጥ ከረጢት በቂ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። አያቴ አርበኛ ነበር፣ የለበሰው ካኪ ኮት አለን፣ ደረቱ ላይ የጥይት ቀዳዳና የደም ምልክት አለው። አሳጥቤ፣ ቀዳዳውን አስደፍኜ፣ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ልሰቅለው ነው፣ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም አታሳጥበው፣ በፍጹም አታስደፍነው! ያ ቀዳዳና ያ ደም እኮ የአምስቱ ዓመት ምስክር ነው፣ የአያትህ ነገር ሁሉ ያለው እዛ ላይ ነው፣ ታጥቦና ተሰፍቶ ከወጣ መርካቶ ከሚሸጥ አሮጌ ኮት በምን ይለያል? ብዙ ቤተሰብ በፍቅርና በአክብሮት ነው እንዲህ ዓይነቱን ልብስ የሚያጸዳው፣ ክፉ አስቦ አደለም፣ ግን ያጸዳ ቀን ታሪኩን አብሮ በውኃ ይደፋዋል። ጭቃው ሳይቀር ይቆይ።

መስቀሉን በተመለከተ፣ ጨርቅን ብርሃን ነው የሚገድለው፣ ጉዳቱ ደግሞ ይጠራቀማል እንጂ አይመለስም። ሙዚየሞች ለጨርቅ የሚፈቅዱት 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ያህል ነው፣ ዓይን ለምዶት በጭንቅ የሚያይበት ድንግዝግዝ ማለት ነው፣ ያውም ለጥቂት ወራት አሳይተው ወደ ጨለማ ይመልሱታል። ደጅ ያለው የቀትር ፀሐይ 100 ሺህ ሉክስ ይደርሳል። ሳሎንህ መስኮት ካለው ኮቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነጥቶ ክሩ ይሰባበራል። የግድ ልስቀል ካልክ ፀሐይ የማይደርስበት ኮሪደር ምረጥ፣ አልትራቫዮሌት የሚያጣራ መስታወት ይኑረው፣ መስታወቱ ጨርቁን እንዳይነካ ክፍተት ይተውለት፣ በሙጫ ወይ በስቴፕል እንዳይያዝ፣ በጥጥ ጨርቅ የተሸፈነ ሰሌዳ ላይ በመርፌና በጥጥ ክር ላላ ተደርጎ ይያዝ። የብረት ቁልፍ ወይ መርፌ ቁልፍ ካለበት ዝገቱ ጨርቁን ይበላል፣ ከስሩ ትንሽ ወረቀት አስገባለት። እኔ ብሆን ግን ግድግዳው ላይ የኮቱን ትልቅ ፎቶና የአያትህን ፎቶ ነው የምሰቅለው፣ ኮቱ ራሱ ሳጥን ውስጥ ያርፍ፣ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አውጥታችሁ ለልጆቹ አሳዩ።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ “የ200 ዓመት የመኳንንት ልብስ ነው” ብሎ ጥልፍ ያለበት ልብስ ሊሸጥልኝ ነው። እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ጀርመን ይዤው ልሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ በእርግጠኝነት ዕድሜውን የሚናገረው ላብራቶሪ ነው፣ ግን አንዳንድ ነገር ራስህ ማየት ትችላለህ። ፋብሪካ የሚያወጣው ሰው ሠራሽ ቀለም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው፣ ፐርኪን የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ያገኘው ወይን ጠጅ ቀለም የመጀመሪያው ነው። ስለዚ ዓይን የሚወጋ ወይን ጠጅ ወይ ሮዝ ክር ያለበት ልብስ 200 ዓመት ነው ቢሉህ ተጠራጠር። ሰው ሠራሽ ሐርም (ሬዮን የሚባለው) ገበያ በሰፊው የወጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከውስጥ ስፌት አንዲት ክር መዘህ በመቆንጠጫ ይዘህ ለኩስ፣ እንደ ጸጉር ከሸተተ ሐር ወይ ሱፍ ነው፣ እንደ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ወይ ሬዮን ነው፣ ከቀለጠና ጠጥሮ ከቀረ ፕላስቲክ ነው፣ የቅርብ ጊዜ ሥራ። የሚያበራው ወርቅ መሰል ክርም ሲቀልጥ ካየህ ወርቀ ዘቦ አደለም።

ወደ ጀርመን ይዞ መሄዱን ግን እርሳው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ኤርፖርት ላይ ይያዛል፣ በሕግም ያስጠይቃል። ልብሱ በእውነት የመኳንንት ከሆነ ነጋዴው ከየት እንዳገኘው ጠይቀው። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል፣ እሱን መግዛት ሌባውን ማበረታታት ነው። አዲስ መልክ ያለው ከሆነም ድሮ ይመስላል ተብሎ እንዳትጉላላ ከመብረርህ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ወስደህ አሳያቸው፣ ቅርስ አለመሆኑን አይተው ማረጋገጫ ይሰጡሃል።